የቆሰለችን ልጅ አታቻኩሏት

«በአዘዞ በየወሩ በ12 የምንጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፤ እኔ የማኅበሩ ሙሴ (መሪ) ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከገጠር ተፈናቅላ አክስቷ ቤት ያረፈች የ24 ዓመት ልጅ፣ አክስቷ ጉልበቷ ሲደክም በእሷ ምትክ ማኅበሩን ገባች። መጀመሪያ ደህና ነበረች። አሁን ግን ለቅዳሴ ስትመጣ ከቅጽሩ በር አታልፍም፤ ከውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። ሌሊት አትተኛም። ባለፈው ጥምቀት ተኩስ ሲሰማ መሬት ላይ ተደፍታ፣ ጆሮዋን ይዛ፣ መነሣት አቃታት። ከሆስፒታል መድኃኒት ጀምራለች። ከመካከላችን ‹መንፈስ ነው፣ መድኃኒቱን ትታ ጠበል ትግባ› የሚሉ አሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደግሞ ‹በዐውደ ምሕረት ቆማ የደረሰባትን ብትናገር ይቀልላታል› ይላሉ። እኔ ሁለቱም ልክ አልመስል አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ታድርግ? ደግሞም ኅዳር 12 የድግሱ ተራ የእሷ ነው፤ እንዝለላት የሚሉ አሉ። ግራ የገባኝ፣ ከአዘዞ።»

ውድ እናቴ፤

የተጠራጠረው ልብዎ አልተሳሳተም። ዋናውን መልስ ሳላቆይ ልስጥዎት፤ መድኃኒቷን ማንም አያስቁማት፣ ዐውደ ምሕረት ላይ ማንም አያውጣት፣ ተራዋንም ሳትጠየቅ ማንም አይዝለላት። ለቆሰለ ሰው ከሚያስፈልገው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን እጅ አለ፤ አብሮ መቆም፣ ማልቀስ፣ ማብላት፣ መጸለይ፣ በየወሩ የማይቀር ቀን። የሚጎድለን ትዕግሥት ነው። ቶሎ ትዳን፣ ቶሎ ትናገር፣ ቶሎ ይቅር ትበል እያልን እናቻኩላታለን። ብዙ ጊዜ የሚያስቸኩለን ደግሞ ሥቃይዋን ቁጭ ብሎ ማየት ለእኛው ስለሚከብደን ነው።

በልጅቱ ላይ የሚታየው ነገር በሕክምናው የታወቀ ነው። ሞትን በቅርብ ያየ፣ ቤቱ ሲቃጠል የቆመ፣ ዘመዱ በፊቱ የተገደለበት ወይም በሰውነቱ ላይ ግፍ የተፈጸመበት ሰው፣ አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነቱ ገና እንዳላለፈ ሆኖ ይኖራል። እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ሲተኛም ያንኑ በሕልሙ ያያል። በር ሲላተም ይዘላል። ያንን ቀን የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ሽታና ሰው ይሸሻል። አንዳንዱ ደግሞ ደስታም ኀዘንም የማይሰማው ይሆንና ቤተሰቡ «ልቡ ደነደነ» ይለዋል። ከመከራ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይህ በብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ የብዙዎቹም በዘመድና በጎረቤት መካከል እያደር ይቀልላል። ከአንድ ወር አልፎ ሲቀጥልና ኑሮን ሲያውክ ግን የባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕመም ነው። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው፤ ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ደግሞ ለአዘዞ ሰው እኔ አልነግርም። እሑድ እሑድ ነጠላ አጣፍቶ ከጎንዎ ከሚቆመው ሕዝብ መካከል የቆሰለችው ይህች ልጅ ብቻ አትሆንም። እሷ የታየችው ከበር ውጭ ስለቆመች ነው።

«መንፈስ ነው» ለሚሉት እኅቶችዎ እንዲህ ይበሏቸው። ርኩስ መንፈስ የለም አንልም። ነገር ግን ተኩስ ሰምታ መሬት የያዘች ልጅ፣ ከዚህ በፊት ተኩስ ሲሰማ መሬት በመያዟ ተርፋ ይሆናል። ሰውነቷ ያኔ ያዳናትን ነገር ደገመው። ይህን ጋኔን ብሎ መጥራት ሌላ ፍርሃት መጨመር ነው፤ ከውጭ የመጣባት አደጋ አሁን በገዛ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል ተብሎ ይነገራታልና።

ጠበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም፤ የምናጣላቸው እኛ ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በ1990ዎቹ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ ጠበል ሲገቡ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለዚያ ሕመም የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም የአእምሮ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ እንቅልፉ ይብሳል፣ ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ያኔ ሰው «መንፈሱ ተቆጣ» ይላል። መቀነስም ሆነ ማቆም ካስፈለገ ያዘዘላት ሐኪም ይወስን። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ በጾም ወቅት ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለል ካህናት ከጥንት ጀምሮ የሚያደርጉት ነው።

ጠበል ልትገባ ከፈለገች ትግባ። ከፈለገች ነው ያልሁት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅቱ ምን እንደደረሰባት አላውቅም፤ እርስዎም አልጻፉልኝም፣ ባለመጻፍዎም አመሰግንዎታለሁ። የጠበል ቦታዎቻችንን ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ግፊያ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ልብስ ይወልቃል፣ እንቢ ያለውን ጎልማሶች ይዘው ያስገቡታል፤ በገመድና በሰንሰለት የሚታሰሩ ሕሙማንም አሉ። በኃይል ተይዛ የምታውቅ ሴት በዚያ መካከል ስትቆም ያስቡ። የያዟት እጆች የወንድሞቿ ይሁኑ የጠላቶቿ ሰውነቷ አይለይም። በደግ ልብ የተወሰደች ልጅ ብሶባት ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ የምትሄደው በራሷ እሺታ ይሁን፤ የሚያጅቧት ሴቶች ይሁኑ፤ ሕዝብ የማይበዛበት ሰዓት ይመረጥላት። መረጨት ይበቃኛል ካለች ትረጭ፤ መጠጣት ብቻ እፈልጋለሁ ካለች ትጠጣ፤ በቃኝ ስትል ደግሞ ያብቃ። ግፍ የደረሰበት ሰው ሁሉ ሌላ ሰው በሕይወቱ ላይ በኃይል ወስኖበታል። እሺ እና እንቢ የማለት ሥልጣኑን መልሳ የምትሰጠው ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነገር ሰጠችው። ምሥጢረ ቀንዲል የሚባልም አለን፤ ለሕሙማን የተሠራ ምሥጢር ሆኖ ሳለ ለሚሞት ሰው ብቻ እየመሰለን ዘንግተነዋል። ካህናቱን ይጠይቁ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ክፋት የላቸውም። ሰው የሆዱን ሲያወጣ እንደሚቀልለው አይተዋል። ነገር ግን ሰውየው ራሱ በመረጠው ጊዜ ለመረጠው ሰው ሲነግር እና ሌሎች ቀን ቆርጠው መድረክ ላይ ሲያወጡት አንድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ለረዳቶች የሚሰጠው ትእዛዝ ሦስት ነው፤ ተመልከቱ፣ አድምጡ፣ ከሚረዱት ጋር አገናኙ። የደረሰበትን እንዲናገር አትጫኑት ብሎም ያስጠነቅቃል። በሕዝብ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ በስልክ እየተቀረጸ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ነገ ገበያ ስትወጣ ሰው የሚያያት በዚያ ዓይን ነው። ይህን ለፕሮቴስታንት አንባቢዎቼም እላለሁ፤ የምስክርነት መድረክ ባለበት ጉባኤ ሁሉ አደጋው ያው ነው።

የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዲት ቃል የተናገረ አልነበረም። ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ያ ነው። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው «ለምን ደረሰበት» ብለው መመራመር ሲጀምሩ ነው። ኤልያስም ሞቱን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። «ምን ታደርጋለህ» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው።

እናንተ የጽዋ ማኅበር ሴቶች ይህን ሥራ ከማንም በላይ ታውቁበታላችሁ። ማንም ሳይጠይቃችሁ እንጀራ ተሸክማችሁ ለቅሶ ቤት ትገባላችሁ፤ ጠባይ ነው፣ ሥልጠና አያስፈልገውም። ለእሷም እንዲሁ አድርጉ። አብራችሁ ጥጥ ፍተሉ፣ በርበሬ ቀንጥሱ፣ ቡና አፍሉ። ወሬው ስለ ዕለት ኑሮ ይሁን። መናገር ስትፈልግ ራሷ ትጀምራለች። ያኔ አትቋረጥ፤ «የባሰም አለ» አትባል፤ «ለበጎ ነው» አትባል። «አለሁልሽ» ይበቃታል። የነገረችዎትም ለማኅበሩ አይደርስም፣ ለባለቤትዎም አይደርስም፣ ለአክስቷም ቢሆን ያለፈቃዷ አይደርስም። ምስጢር መጠበቅና አፍ ማዘጋት ግን አይምታቱብዎት። የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በአባቷ ልጅ በአምኖን በተደፈረች ጊዜ ወንድሟ አቤሴሎም «ወንድምሽ ነው፣ ዝም በይ» አላት፤ እሷም በቤቱ ብቸኛ ሆና ቀረች። ለቤተሰቡ ስም ወይም ለደብሩ ስም ተብሎ አንዲት ሴት ዝም እንድትል ሲመከር ከሰሙ፣ ያን ዕለት እርስዎ ዝም አይበሉ።

ይቅርታን በተመለከተም አጭር ነገር ልበል። አንዱ ሰባኪ ወይም አንዷ ደግ ጎረቤት «ይቅር ካላልሽ አትድኚም» ትላት ይሆናል። ይቅርታ የክርስትና ሥር ነው፤ ይሁን እንጂ ገና በወጌሻ የታሰረ እግር ሩጥ አይባልም። መዝሙረ ዳዊት 87ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ነው) ያንብቡላት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፣ ሲያበቃም ጨለማ ውስጥ ነው የሚያበቃው፤ ሆኖም ጸሎት ነው ተብሎ በዳዊቱ ውስጥ ቆሟል። እንዲህ አምርሮ ወደ እግዚአብሔር መጮኽ እንደተፈቀደላት ትወቅ።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ተሳልማ መመለሷን ብዙዎቻችሁ እንደ መራቅ አይታችሁታል። እኔ ግን በየሳምንቱ እዚያ ድረስ የምትመጣ ልጅ አልራቀችም እላለሁ። የማትገባበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። የሰው ብዛት ያስፈራት ይሆናል፤ ከኋላዋ ሰው ሲቆም አያስችላት ይሆናል፤ መውጫውን ካላየች ትንፋሽ ያጥራት ይሆናል። ከዚህ የከፋም አለ። ንጹሕ ያልሆነ ከውጭ ይቆማል ሲባል እየሰማን አድገናል፤ በግፍ የተነካች ሴት ረክሻለሁ ብላ፣ ማንም አትግቢ ሳይላት፣ በራሷ ላይ ፈርዳ ልትቆም ትችላለች።

ይህን ፍርድ መሻር የሚችሉት ንስሐ አባቷ ናቸው። እሳቸውን ያግኙና አንድ ነገር ይለምኗቸው። ምን ደረሰብሽ ብለው ሳይመረምሯት «ሰው በግድ ያደረሰብሽ ነገር የአንቺ ኃጢአት አይደለም፤ ንስሐም አይገባበትም፤ ቤትሽ ነው፣ ስትፈልጊ ግቢ» ይበሏት። ደጋግመው ይበሏት፤ አንድ ጊዜ ሰምታ ላታምነው ትችላለችና። ሐኪም ቢነግራት፣ እኔም ብጽፍላት፣ ካህን ሲናገረው ያለውን ክብደት አያገኝም። ሐኪሙ የሌለውና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ያላት መድኃኒት ይህ ይመስለኛል፤ ሳንጠቀምበት እንዳንቀር እፈራለሁ።

እስክትገባ ደግሞ አትጎትቷት። አንዳችሁ ከእሷ ጋር ከውጭ ቁሙ፤ በየሳምንቱ ያችው አንዷ ብትሆን ይመረጣል። የቅዳሴውን ጠበል አውጡላት። ሕዝብ በማይበዛበት የሥራ ቀን፣ ኪዳን ሲደረስ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ትቀመጥ እንደሆነ ጠይቋት። ውስጥ የገባች ዕለትም በሩ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ የምትቆምበት ስፍራ ይያዝላት፤ «ወደፊት ጠጋ በይ» የምትል አስተናጋጅም አትምጣባት። ከመካከል ብትወጣ ማንም ዞሮ አይያት።

በጎንደር የድምፅም ነገር አለ። ታቦት ሲወጣ ይተኮሳል፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይተኮሳል። የቡሄ ጅራፍ እንኳን ለደነገጠ ጆሮ ከጥይት አይለይም። ጅራፉ ይቅር አልልም፤ የልጆች ደስታ ነው። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው ከበዓሉ ቀደም ብሎ በታቦት ፊት ማንም እንዳይተኩስ በዐውደ ምሕረት ቢያውጅ ስንቱን እናት፣ ስንቱን ሕፃን፣ ስንቱን ከግንባር የተመለሰ ጎልማሳ ያሳርፋል! ለልጅቱም ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት ጅራፍ እንደሚጮኽ ንገሯት፤ አስቀድሞ የታወቀ ድምፅ በድንገት የመጣውን ያህል አይጎዳም። ጥምቀትንም ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ ሳትወርድ፣ ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሰዎቿ ጋር ቆማ ብታከብር ምንም አይጎድልባትም።

ድንጋጤው ከያዛት አትክበቧት፣ አትያዟት፣ ውኃም አትርጩባት። የምታውቃት አንዷ ብቻ ዝቅ ብላ፣ በለሰለሰ ድምፅ «እኔ እገሊት ነኝ፤ ያለነው አዘዞ ነው፤ ያለፈ ነገር ነው፤ እዚህ ማንም አይነካሽም» ትበላት። ትንፋሿን ቀስ አድርጋ እንድታወጣ አብራት ትተንፍስ። መቁጠሪያ ካላት በአንድ ትንፋሽ አንድ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያለች አርባ አንዱን ታድርስ፤ ትንፋሹም ጸሎቱም አብረው ይረጋሉ። ሌሊት በማትተኛበት ሰዓትም ይህንኑ ታድርግ። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየደብሩ ሰዓታት የቆሙ አባቶች እንዳሉ ንገሯት፤ ነቅታ የምታድረው ብቻዋን አይደለችም።

ችኮላን ስነቅፍ ቆየሁ፤ የሚቸኮልበት ግን አንድ ነገር አለ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች፣ ዕቃዋን ማደል ከጀመረች፣ መብላት መጠጣት ከተወች፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብለው በግልጽ ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ይዛው ከሆነ ግን ሸክሙን ያካፍላታል። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለውም ስለሚባል ይህን ሐሳብ ከካህን የሚደብቁ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ ካህናቱ የሚሰሙት መጨረሻ ላይ ነው። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ ገመዱንና የተባይ መርዙን ከቤት አውጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ። የአእምሮ ሕክምና እዚያ አለ።

ለደብሩም አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለሰበካ ጉባኤው ያድርሱልኝ። ደርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች እንዳዳኑት የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። ያ መከራ በአደባባይ ስለሚነገር የሁላችንም ሆነ። የእኛን ዘመን መከራ ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ዘግቶ ይዞታል። አስከሬኑን ያላገኘች እናት አርባውንም ሰማንያውንም እንዴት እንደምታወጣ ግራ ገብቷት ተቀምጣለች። ደብሩ በዓመት አንድ ቀን መርጦ፣ ከየት ወገን ነበር ሳይል፣ የሞቱትንና የጠፉትን በስመ ክርስትናቸው እየጠራ ቢጸልይላቸው፣ ሕዝቡም አብሮ ቢያለቅስ፣ ልጅቱ ያለ ምንም ንግግር ድርሻዋን ታገኛለች። ይህን የሚመሩት ካህናትም የተጎዱ መሆናቸው አይረሳ፤ ስንቱን ቀብረዋል፣ የስንቱን ኑዛዜ ተሸክመዋል። እነሱንም «አባ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል።

የኅዳር 12 ተራዋን በተመለከተ፣ ኅዳር ገና ነውና አሁኑኑ ለብቻዋ ይጠይቋት። ልደግስ ካለች የተፈናቀለች ልጅ መሆኗን አይርሱ፤ ጤፉን፣ ብቅሉንና ጌሾውን ሁለት ሦስት ሆናችሁ በጸጥታ አዋጡላት፣ ጠላውን እርስዎ ይጥመቁላት፣ ጽዋውን ግን እሷ በእጇ ትቀበል። ቤቱ ሰው ሲሞላ ያስጨንቀኛል ካለች ከአክስቷ ቤት ግቢ ውስጥ ይደረግ። እምቢ ካለችም ድግሱን በቤትዎ ያድርጉትና እሷ የእርስዎን ወር ትያዝ፤ ያ ወር ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይጠይቋት። ስሟ ከመዝገቡ አይውጣ። አባላቱ ምክንያት ቢጠይቁ «ተራ ተለዋውጠናል» ይበሏቸው።